የአንጎል እናቶች



በቋንቋችን ሰው ስለ ማንነቱ ሲናገር «ራሴ» ይላል። ይህ አንድ ቃል በአንገታችን ላይ ያለውን የአካል ክፍልም፣ «እኔ» የሚለውን ባለቤቱንም በአንድነት ይጠራል። የታመመ ሰው «ራሴን አመመኝ» ይላል፤ ኀላፊነት የሚወስድ ሰው «ራሴ አደርገዋለሁ» ይላል፤ ወድቆ መስማትና መናገር የተሳነውን ደግሞ «ራሱን ሳተ» እንለዋለን። ማስተዋልን ግን የምንሰጠው ለልብ ነው። «ልብ በል» ብለን እንመክራለን፤ የበሰለውን «ልብ ገዛ»፣ ያልበሰለውን «ልበ ቢስ» እንላለን። ቅዱሳት መጻሕፍትም የሰው አሳብ ከልብ እንደሚመነጭ አድርገው ይናገራሉ። የሕክምና ጥበብ በበኩሉ አሳብም፣ ትዝታም፣ ንግግርም በዚህ ዓለም ሕይወት ያለ አንጎል እንደማይገለጡ አስረድቶናል።

ከዚህ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የሰው ማንነት በአንጎሉ ውስጥ ከሆነ፣ አንጎሉ የተጎዳበት ሰው ምን ይባላል? በዱላ ተመትቶ ንግግሩ የጠፋበት ጎልማሳ፣ በሚጥል በሽታ የሚወድቅ ልጅ፣ ማጅራት ገትር መስማት የነሣት ልጃገረድ፣ የራስ ቅሉ ሳይገጥም የተወለደ ሕፃን፤ እነዚህ ከሰውነታቸው ጎድሎባቸዋልን? እኛስ ለእነርሱ ያለብን ዕዳ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለመራቀቅ ብለን አይደለም። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላም ከተማና በማሻ አካባቢ መንደሮች፣ ጥያቄው በየቤቱ ጓዳ የሚገኝ ነው። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ምድሩ ወደ ዓባይ በሚወርዱ ገደሎች የተቆራረጠ ስለ ሆነ ከብዙ መንደሮች ሕመምተኛ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። የአንጎል ጉዳት ግን ሰዓት የሚቈጠርበት ጉዳት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድመን ፈጣሪ አንጎልን እንዴት አድርጎ እንደ ሸፈነው እንመለከታለን፤ ቀጥለንም ከዚያ አሸፋፈን ስለ ራሳችን ግዴታ ምን እንደምንማር እንመረምራለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከላይ እስከ ውስጥ

የአዋቂ ሰው አንጎል ክብደቱ ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህ ከመላው ሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። በውስጡ 86 ቢሊዮን የሚገመቱ የነርቭ ሴሎች ይገኛሉ። ከሦስት ዋና ዋና ክፍሎች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው በቀኝና በግራ የተከፈለው ታላቁ አንጎል ሲሆን፣ የአሳብ፣ የትዝታ፣ የንግግርና በፈቃድ የምናደርገው እንቅስቃሴ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ከበስተ ኋላ ሥር የተቀመጠው ታናሹ አንጎል ነው፤ ሰውነት ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቆምና እንዲራመድ ያደርጋል። ሦስተኛው የአንጎል ግንድ ነው፤ ትንፋሽን፣ የልብን ምትና ንቃትን ይጠብቃል፤ ወደ ታችም ወርዶ ከሕብለ ሰረሰር ጋር ይያያዛል።

ይህ ሁሉ ሥራ የተሰጠው አካል እጅግ ለስላሳ ነው፤ በጣት ቢነኩት ይሰረጉዳል፤ ከቅሉ ወጥቶ ቢቀመጥ በገዛ ክብደቱ ይዛባል። ፈጣሪ ታላቁን አደራ በደካማ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ፤ ነገር ግን ያለ መሸፈኛ አልተወውም።

ከላይ ጠጕርና የራስ ቆዳ አለ። ከሥሩ የራስ ቅል አለ፤ አንጎልን የሚከበው ክፍል 8 አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተሰካክተው የሠሩት ነው። እነዚህ አጥንቶች በሕፃንነት ገና አልተጋጠሙም። እናቶቻችን እርግብግቢት ብለው የሚጠሩት፣ በቅቤ የሚያሹት፣ በሕፃኑ ራስ አናት ላይ ከልብ ምት ጋር ሲርገበገብ የሚታየው ለስላሳ ቦታ ያልተገጠመው ክፍል ነው። ሕፃኑ በጠባብ መንገድ እንዲወለድና አንጎሉም እንዲያድግ ስፍራ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ይዘጋል። «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚለው ምሳሌም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፤ አባቶቻችን ራስ ለመጥናት ጊዜ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር።

ከአጥንቱ በታች ሦስት ስሶች አሉ። የውጭው እንደ ቆዳ የጠነከረ ነው፤ ከራስ ቅሉ ውስጠኛ ገጽ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። መካከለኛው የሸረሪት ድር የሚመስል ስስ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ የሳሳ ሲሆን፣ ከአንጎሉ ጋር ተጣብቆ በየእጥፋቱና በየሸለቆው እየገባ ይከተለዋል። በመካከለኛውና በመጨረሻው መካከል እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይዘዋወራል። መጠኑ በአንድ ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ቢሆንም፣ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ገደማ ይመነጫል፤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። አንጎል በዚህ ፈሳሽ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ 1.4 ኪሎ የሚመዝነው አካል በቅሉ ወለል ላይ የሚያርፈው 50 ግራም ብቻ የሚመዝን ያህል ሆኖ ነው። ፈሳሹ ባይኖር አንጎል በገዛ ክብደቱ በተጨፈለቀ ነበር።

የስሶቹ ስም

የእነዚህ ስሶች ስም ታሪክ አለው። በ10ኛው መቶ ዘመን የኖረው የፋርስ ሐኪም ዓሊ ኢብን አልዐባስ በዓረብኛ በጻፈው ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የአንጎልን ሽፋኖች «እናት» በሚለው ቃል ጠራቸው። በዓረብኛ አነጋገር አንድን ነገር አቅፎና ደግፎ የሚይዘው ነገር እናቱ ይባላልና። መጽሐፉን በ1127 ወደ ላቲን የመለሰው የአንጾኪያው እስጢፋኖስ ቃሉን እንዳለ ወሰደው፤ የውጭውን «ጽኑ እናት» አለው፤ ሳሳ ያለውን የውስጡን ደግሞ «ርኅሩኅ እናት» ወይም «ደግ እናት» ተብሎ ሊተረጐም በሚችል ቃል ጠራው። የመካከለኛው ስስ ተለይቶ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ያሉ የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ እነዚህን ስሞች ያጠናሉ። የእስልምና ዓለም ሐኪም ጻፈው፤ ክርስቲያን ተረጐመው፤ ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማሙ፦ አንጎል በእናት እቅፍ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ መንደር፣ አልፎ አልፎም በአንድ ቤተሰብ ለሚኖሩበት ለወሎ ሕዝብ ይህ ስም የተገባ ነው።

ከእነዚህ ስሶች አሠራር ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን አንድ ነገር ግን አለ። አንጎል የሰውነትን ሕመም ሁሉ ተቀብሎ ያውቃል፤ የጣት እሾህ፣ የጥርስ ቁርጥማት፣ የምጥ ጭንቅ ወደ እርሱ ይደርሳል። የራሱን ሕመም ግን አይሰማም። በሥጋው ውስጥ ሕመምን የሚያስታውቅ ነርቭ የለውምና። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች አንዳንዱን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሕመምተኛው ነቅቶ እየተናገረ ሳለ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሕመም የሚሰማው ጽኑው ስስና በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ናቸው። እንግዲህ አንጎል ሲጎዳ ስለ እርሱ የሚታመመውና የሚጮኸው መሸፈኛው ነው።

ይህን እውነት አንባብያን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የብፁዕ ኒልስ ስቴንሰን ትሕትና

በ1665 በፓሪስ ከተማ በተሰበሰቡ ሊቃውንት ፊት አንድ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ስለ አንጎል ንግግር አደረገ። ስሙ ኒልስ ስቴንሰን ይባላል። ንግግሩን የጀመረው ስለ አንጎል የሚያውቀው ነገር እንደ ሌለ በግልጽ በመናገር ነበር። በዚያ ዘመን ዝነኛ የነበረው ፈላስፋ ዴካርት ነፍስ በአንጎል መካከል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ዕጢ ላይ ሆና ሰውነትን ትመራለች ብሎ አስተምሮ ነበር። ስቴንሰን አንጎልን በጥንቃቄ ከፍቶ ያጠና ስለ ነበር፣ ያቺ ዕጢ ዴካርት እንዳሰበው ልትንቀሳቀስ እንደማትችል አስረዳ። ይህ ሰው በ1667 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በ1675 ካህን፣ በ1677 ጳጳስ ሆነ፤ በ1686 በድህነትና በአገልግሎት ሲደክም ዐረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1988 ብፁዕ ብለው ሰየሙት።

ከእርሱ የምንማረው እምነት ከምርምር እንደማይሸሽ ነው። ስቴንሰን የነፍስን መኖር ለመከላከል ብሎ የተሳሳተውን የዕጢ ትምህርት አልተቀበለም፤ ያየውን ተናገረ፤ ያላየውን አላውቅም አለ። እኛም ስለ አንጎል ስንናገር ይህን መንገድ ልንከተል ይገባናል።

መሸፈኛው ሲጎዳ

መሸፈኛው የሚጎዳባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ በአካባቢያችን የሚታወቁትን አራቱን ብቻ እናነሣለን።

የመጀመሪያው በማኅፀን የሚሆነው ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከጽንስ በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እናቲቱ ብዙ ጊዜ መፅነሷን ሳታውቅ ማለት ነው። ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ ሕፃኑ የጀርባው አጥንት ክፍት ሆኖ፣ ወይም የራስ ቅሉና አብዛኛው አንጎሉ ሳይሠራ ይወለዳል። እናቲቱ ከመፅነሷ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን በየቀኑ ብትወስድ የዚህ አደጋ ብዙው ክፍል ይቀንሳል። ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄት በዚህ ቪታሚን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ የጥራት ደረጃ አጽድቃለች፤ ይሁን እንጂ የገዛ እህሉን በሰፈር ወፍጮ አስፈጭቶ ለሚበላው ገበሬ ከፋብሪካ የሚወጣው ዱቄት አይደርሰውም። ስለዚህ ለማግባት ለሚዘጋጁ ሙሽሮች ይህን መናገር የጤና ሠራተኛ ሥራ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የጋብቻ ትምህርት የሚሰጥ ካህንና ካቴኪስትም ሊያስታውሱት የሚገባ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደችን እናት «ምን ኃጢአት ሠርታ ይሆን?» ብሎ ማማት ግን በቍስሏ ላይ ሌላ ቍስል መጨመር ነው።

ሁለተኛው ማጅራት ገትር ነው። ስሙ የሚያመለክተው አንገት መገተሩን ሲሆን፣ በሽታው የእነዚያ ስሶች መቈጣት ነው። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ በሚያልፈው የማጅራት ገትር መቀነት ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች፤ በ1981 እና በ1989 በደረሱት ታላላቅ ወረርሽኞች ብዙ ሕዝብ ታሟል፣ ሞቷልም። ከ2013 እስከ 2015 በሀገራችን በተደረገው ሰፊ የክትባት ዘመቻ «ኤ» የተባለው ዋነኛ የጀርሙ ዓይነት ኃይሉ ተሰብሯል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሁንም አሉ። ትኩሳት፣ ብርቱ የራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃንን መጥላት፤ በሕፃን ላይ ደግሞ ጡት አልይዝ ማለትና የእርግብግቢት ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ለምርመራ ከወገብ ፈሳሽ ሲቀዳ ብዙዎች «ሽባ ያደርጋል» ብለው ይፈራሉ። መርፌው የሚገባው ግን ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ባለው ስፍራ ነው። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ልጁን ከጤና ጣቢያ ይዞ የሚመለስ አባት ልጁን ስለሚወድ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ እውነቱን ቀርቦ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ግን የሁላችንም ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ምት ነው። በገበያ፣ በሠርግ፣ በድንበር ጠብ ዱላ ይነሣል፤ በቅሎ ትራገጣለች፤ ሰው ከገደል ይወድቃል፤ ዛሬም ሞተር ብስክሌት ያለ ራስ መከላከያ ቆብ ይነዳል። ከዓይንና ከጆሮ መካከል ያለው የቅል አጥንት ሳሳ ያለ ነው፤ ከሥሩ ጽኑውን ስስ የሚመግብ የደም ሥር ያልፋል። ይህ የደም ሥር ሲበጠስ ደሙ በአጥንቱና በስሱ መካከል ይጠራቀማል። አታላዩ ነገር፣ የተመታው ሰው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ሊነቃ፣ ተነሥቶም ሊናገርና ውኃ ሊጠጣ ይችላል። ሰዎችም «ተሽሎታል» ይላሉ፤ «ይተኛ» ብለው ይተዉታል። ከሰዓታት በኋላ ግን የተጠራቀመው ደም አንጎልን ይጫነዋል፤ ሰውዬውም ላይነቃ ይችላል። በጊዜ ቢደርስ ቅሉ ተከፍቶ ደሙ ይወጣለታል፤ ብዙውን ጊዜም ይድናል። በሀገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ግን ቍጥራቸው አድጓል። ነገር ግን የተሻለው ሐኪም እንኳ ያልደረሰለትን ሰው ሊያድን አይችልም።

እዚህ ላይ ለሀገር ሽማግሌዎች አንድ ነገር በአክብሮት እንናገራለን። ጠብ ማብረድና ደም ማድረቅ የተቀደሰ ሥራ ነው። ሆኖም ነገሩ ከሕግ ፊት እንዳይደርስ ተብሎ ራሱን የተመታው ሰው በቤት ተሰውሮ የሚያድርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ዕርቅ ዕርቅ አይደለም፤ በአንድ ሰው ሕይወት የተከፈለ ዝምታ ነው። አስቀድሞ ቍስለኛው ይውረድ፤ ዕርቁ በኋላ ይደርሳል።

አራተኛው የሚጥል በሽታ ነው። በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎች በድንገት ከሥርዓት ወጥተው በአንድ ጊዜ ሲቀሰቀሱ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ካለፈ የራስ ምት፣ ከማጅራት ገትር ወይም ከአስቸጋሪ ምጥ ጠባሳ ሊከተል ይችላል፤ ምክንያቱ የማይታወቅም ብዙ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር አጥንተው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1,000 ሰዎች መካከል በአምስት ገደማ ላይ በሽታው እንዳለና አብዛኞቹም ተገቢውን ሕክምና እንዳላገኙ አሳይተዋል። በየመንደራችን የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን፦ ልጁ ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል፤ የሚጋባ መስሏቸው የሚሸሹ አሉ፤ እሳት ላይ ወድቆ እንኳ እጁን የሚይዘው ያጣል። በሽታው አይጋባም። የወደቀውን በጎኑ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቈየበትም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ በድንገት ማቋረጥ ብርቱ አደጋ ያመጣል። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ የፈውስ ጌታ አንዱ እግዚአብሔር ነውና ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ወንጌላዊው ማርቆስ የጻፈልንን እናስታውስ፦ በእሳትና በውኃ የሚወድቀውን ልጅ ሕዝቡ ሞተ ባሉት ጊዜ ጌታችን እጁን ይዞ አነሣው። ሌሎች የሸሹትን እርሱ ዳሰሰው።

ሰው አንጎሉ ብቻ ነውን?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በ1848 በአሜሪካ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የነበረ ፊንያስ ጌጅ የተባለ ሠራተኛ ፍንዳታ የወረወረው ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት በጉንጩ ገብቶ በራሱ አናት ወጣ። አልሞተም፤ ተናገረ፣ ተራመደም። ነገር ግን ጨዋና ትጉህ የነበረው ሰው ጠባዩ ተለወጠ፤ ወዳጆቹም ጌጅ ጌጅ መሆኑ ቀረ አሉ። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች የሰው ጠባይ የአንጎሉ ሥራ ብቻ ነው፤ ነፍስ የሚባል የለም ብለው ደመደሙ። ይኸው ሰው ግን ከዚያ በኋላ በቺሊ ለዓመታት ሠረገላ ነጂ ሆኖ ሠርቷል፤ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ሥራ ችሏል። «ጌጅ አይደለም» የተባለው ሰው እንደ ገና ኑሮውን ለማቅናት ሲታገል የነበረው ማን ነበር?

አንዳንድ መምህራን ነፍስን በአዝማሪ፣ አንጎልን በማሲንቆ ይመስላሉ። ጭራው የተበጠሰ ማሲንቆ ዜማ ባያወጣ አዝማሪው የለም አይባልም ይላሉ። ምሳሌው ከፊሉን እውነት ይነግረናል፤ ሙሉውን ግን አይነግረንም። አዝማሪ ማሲንቆውን ጥሎ ሌላ ማንሣት ይችላል፤ ሰው ግን ሥጋውን እንዲህ ሊጥል አይችልም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በ1312 በቪየን ጉባኤ እንዳጸናችው፣ ነፍስ በራስዋ የሥጋ ሕይወት ሰጪ ቅርጽ ናት እንጂ በሥጋ ላይ የተቀመጠች እንግዳ አይደለችም። ሰው የነፍስና የሥጋ አንድነት ነው። ስለዚህ የአንጎል ቍስል የመሣሪያ ቍስል ብቻ ሳይሆን የሰውዬው ቍስል ነው፤ የቈሰለውም ሰው ያው ሙሉ ሰው ነው።

ከዚህ እውነት ሁለት ስሕተቶች በግራና በቀኝ ይገለጣሉ። የመጀመሪያው «ሰው አንጎሉ ነው» የሚለው ነው። ይህ አሳብ ማሰብና መናገር ያልቻለውን ከሰው ቍጥር ያወጣዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በመጋቢት 2004 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ይህን ተቃውመዋል፤ ለረጅም ጊዜ ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ክብሩ አይቀንስም፤ ምንጊዜም ሰው ነው ብለዋል። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ «ዋናው ነፍሱ ናት» ብሎ ሥጋን ችላ ማለት ነው። ይህኛው መንፈሳዊ ይመስላል፤ በእኛ መንደሮችም የሚታየው እርሱ ነው። ይጸለይለት ይባላል፤ ወደ ሐኪም ግን አይወሰድም። ሁለቱ አሳቦች ተቃራኒ ቢመስሉም ፍሬያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሕመምተኛውን ያለ መሸፈኛ ይተዉታል።

ይህ ማለት ግን ሕይወትን በማናቸውም መንገድ ማራዘም ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ፒዮስ 12ኛ በ1957 ከልክ ያለፈ ሕክምና ግዴታ እንዳልሆነ አስተምረዋል፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ2000 የመላው አንጎል ሥራ ፈጽሞና በማይመለስ ሁኔታ መቋረጡ በጥንቃቄ ሲረጋገጥ እንደ ሞት ምልክት ሊወሰድ እንደሚችል ተናግረዋል። በሀብታም ሀገሮች ብርቱ ክርክር የሆነው መሣሪያው መቼ ይነቀል የሚለው ነው። የእኛ ደጋ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሕመምተኛው መቼ ይድረስ የሚል ነው።

የቀረው መሸፈኛ

አንጎል የራሱን ሕመም እንደማይሰማ፣ ስለ እርሱ የሚታመመው መሸፈኛው እንደ ሆነ ተናግረን ነበር። አንጎሉ የተጎዳ ሰውም እንዲሁ ነው። ራሱን የሳተ ሰው «ውሰዱኝ» ብሎ አይለምንም፤ በሚጥል በሽታ የወደቀ ልጅ እሳቱ አይሰማውም፤ ጠባዩ የተለወጠ ሰው መለወጡን ላያውቅ ይችላል። ስለ እርሱ ሊታመምና ሊጮኽ የሚችለው በዙሪያው ያለው ሰው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ፣ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን አስፈላጊዎች እንደ ሆኑ፣ አንዱ ብልት ሲሠቃይም ሁሉ አብረው እንደሚሠቃዩ አስተምሯል። ይህ ቃል በሰው ራስ ውስጥ በሥጋ ተጽፎ ይገኛል።

ለዚህም የሚሆን ሥርዓት በእጃችን አለ። ወሎ ቅሬ አለው። የሞተ ሲኖር ቅሬው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይሰበሰባል፤ መቃብር ይቈፍራል፤ ለቅሶ ይደርሳል። በብዙ ስፍራም ይኸው ቅሬ ቃሬዛ ተሸክሞ ወላድንና ሕመምተኛን ወደ ጤና ጣቢያ ያወርዳል። በጸጥታ ችግር መንገድ በሚዘጋበት፣ አምቡላንስም በማይደርስበት ጊዜ የቅሬ ትከሻ ብቸኛው መድረሻ ይሆናል። ደጉ ሳምራዊም ቍስለኛውን ባየው ጊዜ ማን እንደ መታው አልጠየቀም፤ ቍስሉን አሰረለት፤ በገዛ አህያው ላይ ጭኖ ወሰደው። እኛ ካቶሊካውያን በዚህ ሀገር ጥቂቶች ነን፤ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታችንም በ2015 የተቋቋመ ገና ወጣት ነው። ጥቂት መሆን ግን ትከሻ አያሳጣም።

ስለዚህ አንባብያን በየቅሬያቸው፣ በየጽዋ ማኅበራቸውና በየቤታቸው ሦስት ነገር እንዲነጋገሩ እንለምናለን። አንደኛ፣ ራሱን ተመትቶ ለቅጽበት እንኳ ራሱን የሳተ ሰው፣ ነቅቶ ቢናገርም፣ ጠቡ ገና ሳይጣራ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና እንዲወርድ ቅሬው ደንብ ያድርገው። ሁለተኛ፣ በሚጥል በሽታ የሚወድቅ ሰው ያለበት ቤት መድኃኒቱ ሳያልቅ ተራ ገብቶ የሚያመጣለት ጎረቤት ይኑረው፤ ልጁም ከትምህርት ቤትና ከማዕድ አይለይ። ሦስተኛ፣ ለጋብቻ የሚዘጋጁ ልጆቻችን ስለ ፎሊክ አሲድ ከሠርጋቸው በፊት ይስሙ። እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ስለ ሌላው የሚታመም ሰው ነው።

ሊቃውንቱ ለአንጎል ስሶች የእናትን ስም ሲሰጡ አልተሳሳቱም። ጽኑዪቱ እናት ምትን ትከላከላለች፤ ርኅሩኂቱ እናት በየእጥፋቱ ትከተላለች። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ጽናት ያለ ርኅራኄ፣ ርኅራኄም ያለ ጽናት ሕመምተኛን ከማሻ ተራራ አያወርዱትም። የሁላችን እናት የሆነች ቅድስት ድንግል ማርያም ራሳቸውን ስተው ለተኙትና ለሚያስታምሟቸው ሁሉ ታማልድልን።